ከቲቪ ጀርባ ከምስሉ ጋር የሚቀያየር መብራት፦ በሃይፐሪዮን እንዴት እንደሚሰራ

ስክሪኑ ላይ ባሕር ሲታይ ከቲቪው ጀርባ ያለው ግድግዳ ሰማያዊ ይሆናል። እሳት ሲነሳ ብርቱካናማ። ፊሊፕስ ይህን እ.ኤ.አ. በ2004 አምቢላይት ብሎ ቲቪው ውስጥ ገጥሞ መሸጥ ጀመረ። ሌላ ዓይነት ቲቪ ያለን ሰዎችም አልቀረብንም። ሃይፐሪዮን የሚባል ሶፍትዌር አለ፤ በነጻ ይወርዳል፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። የምስሉን ጠርዝ ያያል፣ በጠርዙ ያለውን ቀለም ያሰላል፣ ግድግዳው ላይ ላለው ለእያንዳንዱ አምፖል ቀለሙን ይልካል። በሰከንድ ሃያና ሠላሳ ጊዜ።

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መልሱ። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ገንዘቡን ያባክናል።

ምስሉ ከየት ነው የሚመጣው?

ሃይፐሪዮን ቲቪያችሁን አያየውም። የሚያየው በእሱ በኩል የሚያልፈውን ምስል ብቻ ነው። ስለዚህ የምታዩት ነገር ከላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ገመድ የሚመጣ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ሃይፐሪዮን እዚያው ላፕቶፑ ላይ ይጫናል፣ ስክሪኑን ያነባል፣ አለቀ።

ከዲሽ ሪሲቨር ወይም ከፕሌይስቴሽን የሚመጣ ከሆነ ምስሉን መሃል ላይ ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል። አንዱ ወደ ቲቪው፣ አንዱ ወደ ሃይፐሪዮን። ስለዚህኛው መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

የምታዩት ስማርት ቲቪው ውስጥ ባለው ዩቲዩብ ከሆነ ግን ችግር አለ። ምስሉ ቲቪው ውስጥ ተፈጥሮ እዚያው ያልቃል፤ በየትኛውም ገመድ አይወጣም። መፍትሔው ቲቪው ውስጥ ያለውን ትቶ በላፕቶፕ ወይም ኤችዲኤምአይ ላይ በሚሰካ ቦክስ ማየት ነው። ካሜራ ወደ ቲቪው አዙረው የሚሠሩም አሉ፤ እኔ አልመክረውም። አንድ ሰው በካሜራው ፊት ባለፈ ቁጥር ግድግዳው ይደናገራል።

እዚህ ጽሑፍ ላይ ዋናው መንገዴ ላፕቶፕ ነው። ርካሹ እሱ ነው፤ ቀድሞውንም ቤት ውስጥ አለ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

አምፖሎቹ ያሉበት ስትሪፕ፦ ደብሊውኤስ2812ቢ የሚባለውን፣ ባለ 5 ቮልቱን ፈልጉ። ሱቅ ስትሄዱ ተጠንቀቁ። በሪሞት ቀለሙ የሚቀየር ተራ ስትሪፕ በየቦታው አለ፤ እሱ ግን ሁሉም አምፖል በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ቀለም ነው የሚሆነው። እኛ የምንፈልገው እያንዳንዱ አምፖል ለየብቻ የሚታዘዝበትን ነው። መለያው ቀላል ነው። ተራው አብዛኛውን ጊዜ አራት የመዳብ ነጥብ አለው። ደብሊውኤስ2812ቢ ሦስት ነው፦ 5 ቮልት፣ ዳታ (የቀለሙ ትዕዛዝ የሚገባበት)፣ ግራውንድ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ)። ስትሪፑ ላይም ዳታው የሚሄድበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ታትሟል።

በሜትር 30፣ 60 እና 144 አምፖል ያለው አለ። ለቲቪ 30ው ይበቃል። ብርሃኑ ግድግዳ ላይ ሲደርስ ስለሚዋሃድ የአምፖሎቹ ርቀት አይታይም። 60ው ያምራል፤ ኤሌክትሪክም ወጪም እጥፍ ይጠይቃል።

መቆጣጠሪያ፦ ኢኤስፒ32 የሚባለው ትንሽ ቦርድ። ዋይፋይ አለው።

ፓወር ሰፕላይ፦ እዚህ ላይ አትቆጥቡ። እያንዳንዱ አምፖል ሙሉ ነጭ ሲበራ እስከ 60 ሚሊአምፔር ይወስዳል። ለ55 ኢንች ቲቪ ላይና ታች 34፣ ግራና ቀኝ 18 አምፖል ብታደርጉ ድምሩ 104 ነው። 104 በ60 ሲባዛ 6.24 አምፔር ይመጣል። ስለዚህ ባለ 5 ቮልት 8 አምፔር ይዤ እገባለሁ። ብረት ለበስ ሆኖ የ220 ቮልት ብሎኖቹ ገላጣ የሆኑት ርካሽ ናቸው፤ ኤሌክትሪክ የማታውቁ ከሆነ ወይም ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ዝግ የሆነውን፣ እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር ያለውን ግዙ። ከላፕቶፕ ዩኤስቢ ኤሌክትሪክ ለመስጠት ደግሞ አታስቡ።

ከዚህ ሌላ ወፍራም ሽቦ፣ መበየጃ፣ ናስትሮ፣ ከ330 እስከ 470 ኦም ያለው አንድ ሬዚስተር እና 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይኑራችሁ። መልቲሜትር ካለ በጣም ጥሩ፤ ከሌለ ከጎረቤት ተዋሱ።

1. ስትሪፑን መቁረጥና መለጠፍ

ስትሪፑ የሚቆረጠው በመዳብ ነጥቦቹ መሃል፣ የመቀስ ምልክት ወይም መስመር ባለበት ብቻ ነው። አራት ቁራጭ ይወጣል፦ ሁለት ባለ 34፣ ሁለት ባለ 18። ባለ 34ቱ 113 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል፣ ባለ 18ቱ 60። የ55 ኢንች ቲቪ ስፋት 122 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ ከ68 ትንሽ በላይ ስለሆነ ከየጠርዙ ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። እንዲያውም እንደዚያ ነው የሚፈለገው። ጠርዝ ላይ ከተለጠፈ ከጎን ሲታይ አምፖሉ ራሱ ዓይን ይወጋል።

የቲቪውን ጀርባ መጀመሪያ በአልኮል ጥረጉት። አቧራ ላይ የተለጠፈ ስትሪፕ በሳምንቱ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ። የአየር መውጫ ቀዳዳዎቹን አትሸፍኑ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። እየሠራችሁ ያላችሁት ከጀርባ ነው፣ የምታዩት ግን ከፊት። ግራና ቀኝ ይገለበጣል። እኔ የምመርጠው መነሻ ከፊት ሲታይ የታችኛው ግራ ጥግ ነው፤ ከጀርባ ለቆመ ሰው ይህ የታችኛው ቀኝ ነው። ከዚያ ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ሌላኛው ጎን፣ ወደ ታች፣ በታች በኩል ተመልሶ ወደ መነሻው። ቀስቶቹ ሁሉ ይህንኑ መንገድ ተከትለው መሄድ አለባቸው። አንድ ቁራጭ እንኳ ተገልብጦ ከተለጠፈ ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ ጨለማ ነው።

ጥጎቹን በሦስት አጫጭር ሽቦ በይዱ። 5 ቮልት ከ5 ቮልት፣ ዳታ ከዳታ፣ ግራውንድ ከግራውንድ። ሳይበየድ የሚቆነጥጥ የፕላስቲክ ማገናኛ ይሸጣል፤ ለጊዜው ይሠራል፣ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ግን ይላላና ግድግዳው ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል።

የታችኛውን መስመር መተውም ይቻላል። ቲቪው ቡፌ ላይ የተቀመጠ ከሆነ የታችኛው ብርሃን ቡፌውን ነው የሚያበራው። ዜና የሚያዩ ሰዎች ደግሞ ሌላ ምክንያት አላቸው፦ ከታች የሚሮጠው ቀይ የዜና መስመር ቡፌውን ቀኑን ሙሉ ቀይ ያደርገዋል።

2. ሽቦ ማገናኘት

ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው ሰክታችሁ 5 ቮልት መስጠቱን በመልቲሜትር አረጋግጡ። ከዚያ ንቀሉት። የሚቀጥለው ሁሉ ተነቅሎ ነው የሚሠራው።

የፓወር ሰፕላዩ 5 ቮልትና ግራውንድ ወደ ስትሪፑ መነሻ ይሄዳል። ከዚያው ላይ ሌላ ጥንድ ሽቦ ወደ ስትሪፑ መጨረሻ ውሰዱ። ይህን የዘለለ ሰው ነጭ ምስል ሲመጣ መነሻው ነጭ፣ መጨረሻው ብጫና ቀይ ሆኖ ያገኘዋል፤ በመንገድ ላይ ቮልቱ ስለሚወርድ። መነሻና መጨረሻው አንድ ጥግ ላይ ስለሚገናኙ ተጨማሪው ሽቦ አንድ ስንዝር እንኳ ላይሞላ ይችላል። ዳታ ግን ከመነሻው ብቻ ነው የሚገባው።

ኢኤስፒ32ውም ከዚሁ ፓወር ሰፕላይ 5 ቮልትና ግራውንድ ያገኛል። ግራውንዱ የጋራ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። ካልሆነ አምፖሎቹ እንደፈለጋቸው ይጨፍራሉ። የዳታ ሽቦው ቦርዱ ላይ ጂፒአይኦ 16 ከሚባለው እግር ይወጣል፤ አንዳንድ ቦርድ ላይ አርኤክስ2 ተብሎ ነው የተጻፈው። ሬዚስተሩን በዚህ ሽቦ ላይ፣ ወደ ስትሪፑ ጠጋ አድርጉ። ካፓሲተሩ ስትሪፑ መነሻ ላይ በ5 ቮልትና በግራውንድ መካከል ይገባል። ነጭ መስመር ያለበት እግሩ ግራውንድ ላይ ነው። ከተገለበጠ ሊፈነዳ ይችላል፤ በቀልድ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቦርዱ ዳታ የሚልከው በ3.3 ቮልት ነው፣ ስትሪፑ ግን 5 ቮልት ነው የለመደው። የዳታ ሽቦው አጭር ከሆነ ብዙ ጊዜ ይግባባሉ። ካልተግባቡ 74ኤኤችሲቲ125 የሚባል ትንሽ ቺፕ መሃል ገብቶ ያስታርቃቸዋል።

3. ቦርዱ ላይ ደብሊውኤልኢዲን መጫን

ደብሊውኤልኢዲ ቦርዱ ላይ የሚጫን ሶፍትዌር ነው፤ እሱም ነጻ ነው። ሥራው ከሃይፐሪዮን የሚመጣውን ትዕዛዝ በዋይፋይ ተቀብሎ አምፖሎቹን ማብራት ነው። አጫጫኑ ቀልጣፋ ነው። ቦርዱን በዩኤስቢ ላፕቶፕ ላይ ትሰካላችሁ፣ በክሮም ወይም በኤጅ የደብሊውኤልኢዲን መጫኛ ገጽ ትከፍታላችሁ፣ ጫን ትላላችሁ። ኮድ መጻፍ የለም። ቦርዱ ካልታየ የዩኤስቢ ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ላፕቶፑ ቦርዱን የሚያውቅበት ድራይቨር (ሲኤች340 ወይም ሲፒ2102) ጎድሏል። በዩኤስቢ ተሰክቶ እያለ የፓወር ሰፕላዩ 5 ቮልት ሽቦ ከቦርዱ ይነቀል።

ሲያልቅ ስልካችሁ ላይ ደብሊውኤልኢዲ ኤፒ የሚል አዲስ ዋይፋይ ይታያል። የይለፍ ቃሉ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ደብሊው፣ ኤል፣ ኢ፣ ዲ፣ ከዚያ 1234 ነው። ገጹ በራሱ ካልተከፈተ 4.3.2.1 ብላችሁ ግቡ። የቤታችሁን ዋይፋይ ስምና ይለፍ ቃል ስጡት። ይህ ቦርድ 5 ጊጋኸርዝ አያውቅም፤ 2.4ቱን ነው የሚይዘው።

ከዚያ የኤልኢዲ (የአምፖሎቹ) ማስተካከያ ገጽ ላይ፦ ብዛት 104፣ ጂፒአይኦ 16፣ ዓይነት ደብሊውኤስ281ኤክስ፣ የቀለም ቅደም ተከተል ጂአርቢ (አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ)። የኤሌክትሪክ ገደቡ ሲጫን 850 ሚሊአምፔር ላይ ስለሚሆን መብራቱ ደብዛዛ ነው ብላችሁ እንዳትደነግጡ፤ ለ8 አምፔር ፓወር ሰፕላይ 6000 አድርጉት። ቀይ ምረጡ። አረንጓዴ ከበራ የቀለም ቅደም ተከተሉን ቀይሩት።

እዚያው ገጽ ላይ ኤሌክትሪክ ሲመጣ በራሱ ይብራ የሚል ሳጥን አለ። ምልክቱን አንሱት። መብራት ጠፍቶ ሌሊት 9 ሰዓት ሲመለስ ሳሎኑ ብርቱካናማ ሆኖ እንዲቀሰቅሳችሁ የምትፈልጉ አይመስለኝም።

በመጨረሻ ራውተሩ ላይ ገብታችሁ ለቦርዱ ቋሚ አድራሻ ስጡት። አለበለዚያ ራውተሩ ጠፍቶ በበራ ቁጥር አድራሻው ሊቀየርና ሃይፐሪዮን ሊያጣው ይችላል።

4. ሃይፐሪዮንን ማዘጋጀት

ሃይፐሪዮን ለዊንዶውስ፣ ለማክ፣ ለሊኑክስ እና ራስበሪ ፓይ ለሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር አለ። ከፕሮጀክቱ የጊትሃብ ገጽ የእናንተን መርጣችሁ ጫኑ። የራሱ መስኮት የለውም፤ በብራውዘር ነው የሚታዘዘው። 127.0.0.1:8090 ብላችሁ ግቡ። የሜኑ ስሞች ከስሪት ስሪት ትንሽ ይለያያሉ፣ ነገሩ ግን አንድ ነው። ከላይ የማስተካከያ ደረጃ የሚባል ምርጫ አለ፤ ከመጀመሪያው ደረጃ ከፍ ካላደረጋችሁት አንዳንድ የምጠቅሳቸውን ነገሮች አታገኟቸውም።

የኤልኢዲ ክፍል ውስጥ የመቆጣጠሪያውን ዓይነት ደብሊውኤልኢዲ አድርጉ። አብዛኛውን ጊዜ ቦርዱን ራሱ ያገኘዋል፤ ካላገኘው ቋሚ አድራሻውን ጻፉለት።

ቀጥሎ አቀማመጥ። ላይ 34፣ ታች 34፣ ግራ 18፣ ቀኝ 18 ብላችሁ ሙሉ። ገጹ ላይ የቲቪ ሥዕል ዙሪያውን ቁጥር በተጻፈባቸው ሳጥኖች ተከብቦ ታያላችሁ። ይህ ሥዕል ከፊት የሚታየው ቲቪ ነው። ሃይፐሪዮን ቆጠራውን ከላይኛው ግራ ጥግ ይጀምራል፤ እኛ የጀመርነው ከታችኛው ግራ ነው። የመነሻ ቦታ የሚለውን ቁጥር እየጨመራችሁ፣ 0 የተጻፈበት ሳጥን ስትሪፑ የሚጀምርበት ጥግ ላይ እስኪቆም ሂዱ። ቁጥሮቹ ከዚያ ወደ ላይ እየጨመሩ ካልሄዱ አቅጣጫ ገልብጥ የሚለውን ምልክት አድርጉ።

ቀጥሎ ስክሪን ማንሻውን፣ ማለትም ስክሪኑን የሚያነበውን ክፍል አብሩ። ላፕቶፑ ቲቪውን እንደ ሁለተኛ ስክሪን ከዘረጋው ትክክለኛውን ስክሪን መምረጥ ያስፈልጋል። ፊልሙ ቲቪው ላይ እየሄደ ግድግዳው ዝም ካለ፣ ሃይፐሪዮን የላፕቶፑን ዴስክቶፕ እያየ ነው ማለት ነው። ጥራቱን ዝቅ አድርጉት። ሃይፐሪዮን የጠርዝ ቀለሞችን አማካይ ነው የሚያወጣው፤ ምስሉ ጥርት ያለ መሆኑ ምንም አይጨምርለትም፣ ላፕቶፑን ብቻ ያደክማል።

ለመሞከር ስክሪኑን ለአራት ከፍሎ በየጥጉ የተለያየ ቀለም የሚያሳይ ምስል ክፈቱ። ግራና ቀኝ ከተምታታ የጀርባና የፊት ጉዳይ ነው። ትክክል ሆኖ ትንሽ ከተንሸራተተ የመነሻ ቁጥሩን በአንድ በሁለት አስተካክሉ።

ክፍያ የሚጠየቅባቸው የፊልም አገልግሎቶች ቪዲዮውን ስለሚቆልፉት ለሃይፐሪዮን ጥቁር ሆኖ ሊታይ ይችላል። ግድግዳው የጨለመው ለዚያ ፊልም ብቻ ከሆነ ሽቦውን አትነካኩ።

5. ማጣራት

እስከዚህ የደረሰ ሰው አብዛኛው ጨረስኩ ብሎ ይቀመጣል። ልዩነቱ ያለው ግን እዚህ ነው። ያልተስተካከለ ሃይፐሪዮን የጭፈራ ቤት መብራት ነው።

ከፍጥነቱ ጀምሩ። ስሙዚንግ የሚባለው ቀለሙ ከአንዱ ወደ ሌላው በስንት ሚሊሴኮንድ እንደሚሸጋገር ይወስናል። ከ150 ጀምሩ። ለጌም ወደ 50 ዝቅ፣ ለድራማ ወደ 300 ከፍ ብታደርጉት ዓይን አይደክምም። አንዳንድ ቲቪ ምስሉን ራሱ ለማሳመር ጊዜ ስለሚወስድ መብራቱ ከምስሉ ሊቀድም ይችላል። ፍንዳታው ሳይታይ ግድግዳው ከበራ ቲቪውን ጌም ሞድ ላይ አድርጉት፤ ካልሆነ ሃይፐሪዮን ውስጥ ማዘግያ አለ።

ጥቁር ጠርዝ መለያውን አብሩ። ብዙ ፊልም ከላይና ከታች ጥቁር መስመር አለው። ይህ ካልበራ ሃይፐሪዮን ጥቁሩን መስመር እያየ የላይና የታች አምፖሎችን ያጠፋል።

ቀለሙ ደግሞ ግድግዳችሁ ላይ ነው የሚወሰነው። ሙሉ ነጭ ምስል ክፈቱና ግድግዳውን ተመልከቱ። የእነዚህ አምፖሎች ነጭ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ነጭ ግድግዳ ላይ የነጩን ሰማያዊ መጠን ከ255 ወደ 180 አካባቢ አውርዱና እዩት። ክሬም ቀለም የተቀባ ግድግዳ ሰማያዊውን ራሱ ስለሚውጠው ያን ያህል ማውረድ አያስፈልግም። ግድግዳው አረንጓዴ ወይም ቡኒ ከሆነ ተአምር አትጠብቁ።

ጨለማ ትዕይንት ላይ አምፖሎቹ ደረጃ በደረጃ ዝልል ዝልል ሲሉ ታያላችሁ። በጣም ደብዛዛ ሲሆኑ ያላቸው የብርሃን ደረጃ ጥቂት ስለሆነ ነው። ባክላይት የሚለውን ዝቅተኛ ገደብ ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ ሙሉ በሙሉ ከመጥፋት ይልቅ ለስለስ ያለ ብርሃን ይቀራል። ብሩህነቱንም ቀንሱ። መቶ በመቶ ላይ የሚያይ ሰው ፊልሙን ሳይሆን ግድግዳውን ነው የሚያየው። እኔ ከግማሽ በላይ አልሄድም። ኳስ የምታዩ ከሆነ ደግሞ ለ90 ደቂቃ ሳሎናችሁ ሣር በሣር እንደሚሆን ከወዲሁ ለቤተሰቡ ንገሩ።

ሪሲቨር ወይም ፕሌይስቴሽን ላለው

እዚህ ሦስት ተጨማሪ ዕቃ አለ። አንዱን ኤችዲኤምአይ ለሁለት የሚከፍል ስፕሊተር፣ ኤችዲኤምአይን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ካፕቸር ካርድ፣ እና ራስበሪ ፓይ። ሪሲቨሩ ስፕሊተሩ ላይ ይሰካል። ከስፕሊተሩ አንዱ ወደ ቲቪ፣ ሌላው በካፕቸር ካርዱ በኩል ወደ ፓይ። ሃይፐሪዮን ፓይው ላይ ይጫናል፣ ከስክሪን ማንሻው ፋንታ የዩኤስቢ ማንሻው ይበራል። ሌላው ሁሉ ከላይ እንዳለው ነው።

ርካሾቹ ካፕቸር ካርዶች ኤምኤስ2109 በሚባል ቺፕ ይሠራሉ። ሳጥኑ ላይ ዩኤስቢ 3 ብሎ ቢጻፍም ዩኤስቢ 2 ናቸው። ለዚህ ሥራ ግን ይበቃሉ፤ 640 በ480 ላይ አድርጓቸው። የተቆለፈ ምስል እዚህም ጥቁር ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ከአዲስ ጌም ማሽን ኤችዲአር (ብርሃኑና ቀለሙ ከተለመደው የሰፋ) ምስል ከላካችሁ ደግሞ በርካሽ ካርድ ቀለሙ ታጥቦ የወጣ ልብስ ይመስላል። ለእሱ ከሃይፐሪዮን የወጣ ሃይፐር ኤችዲአር የሚባል ሌላ ነጻ ሶፍትዌር አለ። የታጠበውን ቀለም መልሶ ያደምቀዋል፣ አቀማመጡና ማስተካከያው ከሃይፐሪዮን ብዙም አይርቅም።

ከሦስቱ ዕቃዎች ስፕሊተሩን ተመላሽ ከሚቀበል ሱቅ ግዙ። ቲቪው በስፕሊተሩ በኩል ሲመጣለት ምስሉን አልቀበልም የሚልበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ብዙ ጊዜ መፍትሔው በሌላ ስፕሊተር መቀየር ነው።